እርጥበት ገዛን፣ ጎረቤት ይስማ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ዘንድሮ መስከረም ጠባ፣ ገናም ተከበረ፣ ጥምቀትም አለፈ፤ ጉዱ ግን እስካሁን ከቤቴ አልወጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ከእርጥበት ጋር ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ። መርካቶ በርበሬ ተራ ነጋዴ ነበርኩ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጆንያ ከግድግዳ ሳሸሽ፣ ከሥሩ ሳንቃ ስደረድር፣ ሸራ ስጎትት ነው ያረጀሁት። አሁን ሱቁን ለልጄ አስረክቤ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ አርፋለሁ ስል፣ የልጅ ልጄ ከዱባይ ተራ እርጥበት የሚሠራ ማሽን ገዝታ መጥታ ሳሎኔ ውስጥ ሰካችው። በገንዘብ! ክረምት በነጻ ሲያድለን፣ እኛም "ወግድልን" ስንለው የኖርነውን ነገር ከፍለን አስገባነው።

ለማን መሰላችሁ? ለእኔ አይደለም። እኔማ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ማን ጠየቀኝ። ለቅጠል ነው።

ቅጠሏ ካላቲያ ትባላለች። አገሯ ወዲያ ማዶ ነው፣ ብራዚል፤ ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ አንገቷን ሰብራ በምትገባበት ደን ውስጥ ያደጉ ዘመዶች አሏት። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። አረንጓዴው ላይ የተሣለ የሚመስል መስመር አላት፤ የቅጠሏ ጀርባ ወይን ጠጅ ነው። ቀን ቀን ቅጠሏን ትዘረጋለች፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ ላይ ታቆማለች። ፈረንጆች በዚህ ጠባይ የተነሣ የእሷን ወገኖች ጸሎተኛ ተክል ይሏቸዋል። የምንኖረው በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መካከል ስለሆነ ጸሎተኛ ጎረቤት አጥተን አናውቅም፤ ግን ከጸሎተኞቹ አንዱም "የአየሩ እርጥበት ካልተስተካከለልኝ አልጸልይም" ብሎ አያውቅም። ስሟም ቢሆን አልረጋም። የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2012 ከካላቲያ ዝርያዎች አብዛኞቹን ጎፐርቲያ ወደሚባል ወገን አዛውረዋቸዋል። እንግዲህ ስሙ በውል ያልታወቀ እንግዳ ነው ሳሎኔን የወረሰው።

ሕጓን ስሙልኝ። የቤቱ አየር እርጥበት ከ50 በመቶ እየወረደ ሲሄድ የቅጠሏ ዳር ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቀለላል፣ ይንኮሻኮሻል። 60 ሲደርስ ደስ ይላታል። ከዚያም በላይ ቢወጣ እሷ ግድ የላትም፤ የሚሻግተው የእኔ ግድግዳ ነው። ይህንን ለመቆጣጠር የልጅ ልጄ ከቀን መቁጠሪያው ጎን አንድ የእርጥበት መለኪያ ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰላምታ ጠፋ። ከውጭ የሚገባ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መለኪያው ላይ ነው። ባለቤቴ እንኳ፣ ከማጀት ሆና "ስንት ገባ?" ትላለች። ድሮ በዚህ ቤት "ስንት ገባ?" የሚባለው ዶላር ነበር።

የሚያናድደው ነገር ልጅቷ የምትናገረው እውነት መሆኑ ነው። አየር ውሃ የመሸከም አቅሙ በሙቀቱ ልክ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 9 ግራም ከምናምን የውሃ ተን ከያዘ ጠግቧል፣ መቶ በመቶ ሞልቷል ይባላል። ያንኑ አየር፣ ጠብታ ሳትጨምር ጠብታ ሳትቀንስ፣ 25 ዲግሪ ብታደርሰው 23 ግራም ገደማ የመሸከም ጉልበት ያገኛል፤ በእጁ ያለው ግን ያችው 9 ናት። መለኪያው 40 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ ቀኑ ደግሞ ደመና የሌለበት ፀሐይ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ጠዋት በር ሲከፈት ቤቴ ይገባል፤ ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ኮርኒሱ ይግላል፣ አየሩም ይሞቅና ይጠማል። የተጠማ አየር ካገኘው ሁሉ ይጠጣል፦ ከቅጠሏ፣ ከከንፈሬ፣ ከተረከዜ። ተረከዜ ሲሰነጠቅ ግን ማሽን የገዛልኝ የለም። ቫዝሊን ነው የተወረወረልኝ።

ቅጠሏም የምትጎዳው በዚሁ ነው። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሏት፤ በእነሱ ትተነፍሳለች፣ በእነሱም ውሃዋ ይወጣል። አየሩ ሲደርቅ የሚወጣው ውሃ ሥሯ ከሚያቀርበው ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ከውሃው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የቅጠሉ ጫፍ ቀድሞ ይሞታል። ሰው ደግሞ ጫፉ ሲደርቅ ያይና "ውሃ ጠማት" ብሎ ሥሯ ላይ ባልዲ ይገለብጣል። ሥሯ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፤ ቅጠሏም በሁለት ወገን ትሞታለች፣ ከላይ በጥም ከታች በጎርፍ። የቤት ውስጥ ተክል በጥማት ከሚሞተው ይልቅ በውሃ ብዛት የሚሞተው ይበዛል ብትሉ አልከራከርም።

ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ማስተማር ለቀባሪው አረዱት አይደለም? እርጥበት የመርካቶ ሰው እንጀራ ነው። የደረቀ የበርበሬ ዛላ ስትነቀንቀው ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፣ ስትጨብጠው ይሰበራል። ጨብጠኸው ስትለቀው ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ውሃ ጠጥቷል። ሚዛን እንዲያነሣላቸው ማታ ማታ ጆንያው ላይ ውሃ የሚረጩ ነበሩ፤ አሁንም ጨርሰው አልጠፉም። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሳይውል ሳያድር ይሻግትበታል። ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ጉበት የሚበላው እሱ ነው። እኔ ያለ ምንም መለኪያ፣ በጣቴ ብቻ፣ ጆንያው ክንዴን እስኪውጥ አስገብቼ ከሥር ያለውን ዛላ እዳስስ ነበር። ጫት ነጋዴውን ደግሞ ተመልከቱት፤ ሸቀጡን በኮባ ጠቅልሎ ያመጣል፣ ኮባው ከቅጠሉ የሚወጣውን እርጥበት መልሶ ያፍንለታል። ድፎ ዳቦ የሚጋግሩትም እናቶች ኮባውን ለጌጥ አይደለም የሚያነጥፉት። ቀዳሹም ያውቃል፤ ክረምት ሲገባ የከበሮው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁ ይሰንፋል፣ ፀሐይ ካልነካው አይመለስም። ብራናም እንዲሁ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይንቀሳቀሳል፣ ይጎብጣል።

መለኪያም ቢሆን የሠለጠነ ነገር አይምሰላችሁ። ሶሱር የሚባል የጄኔቫ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1783 ስለ እርጥበት ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መለኪያ የሚሠራው በሰው ፀጉር ነበር። ፀጉር ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ከደረቅ አየር እስከ ጠገበ አየር ድረስ ያለው ልዩነት ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ፀጉሩን ከአንድ መርፌ ጋር አገናኘውና መርፌው ቁጥር ላይ ይዞር ጀመር። ይህን ስሰማ የምራቴን ሹሩባ ተመለከትኩና "ከዚህች ቤት መለኪያ ማን አጣ?" አልኩ። የእኔን ራስ እንዳትጠይቁኝ፤ እዚያ ላይ የቀረ መለኪያ የለም።

ወደ ልጅቷ ሙከራ ልግባ። መጀመሪያ የፀጉር ቤት መርጫ አመጣች። ጠዋት ጭጭጭ፣ ቀትር ላይ ጭጭጭ፣ ማታ ጭጭጭ። ካላቲያ ላይ ከሚያርፈው ውሃ እኔ ላይ የሚያርፈው ይበልጥ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያረፈውማ አይቆጠርም። ጥቅሙ? ጠብታው እስኪደርቅ ድረስ ነው፤ ቡና ሁለተኛው ሳይቀዳ መለኪያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ውሃው ቅጠሉ ላይ ካደረ ደግሞ ነቁጥ የሚያወጣ በሽታ ይጠራል። ይህ መርጨት አይደለም፣ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ እምነት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጠጠር መጣ። የባለቤቴን ትሪ፣ ያንን ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ ከግንባታ ቦታ በተለቀመ ጠጠር ሞላችው፤ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ማሰሮዋን ከላይ አስቀመጠች። ውሃው እየተነነ ቅጠሏን ያረጥባል ተባለ። ያረጥባል፣ ግን ከትሪው አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ወሬው ብቻ ነው የሚቀረው። ባለቤቴ ትሪዋን ፈልጋ ያጣች ዕለት ግን በቤቱ ውስጥ ሌላ አየር ነው የነፈሰው።

ከዚያ ተክሎቹን በአንድ ጥግ መሰብሰብ መጣ። ይህ እንኳ ከሁሉ ይሻላል፣ እመሰክራለሁ። አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይጋራዋልና ጥጉ እውነትም ይረጥባል። ከደጅ የባለቤቴ ጤና አዳም ከነጣሳው ገባ፣ በሶብላው ገባ፣ ከጎረቤት የተዋሰችው ሌላ ሰፊ ቅጠልም ገባ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ጥግ የእኔ ወንበር የነበረበት ነው። አሁን ወንበሬ በር ሥር ናት፣ ነፋስ መንገድ ላይ። ለነፋስ ማን ይቀመጥ ሲባል፣ ካላቲያ ነፋስ አትወድም ተባለ፤ እኔ እንደምወድ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ፈረንጆቹ ደግሞ "መታጠቢያ ቤት አስቀምጧት" ይላሉ አሉ፣ ሻወሩ ስለሚያጥናት። የእኛ ግቢ መጸዳጃ ለስንት ቤት እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ ዝም ይሉ ነበር። ካላቲያን እዚያ ብናስቀምጣት ወረፋ ጠብቃ ነው የምትረጥበው።

በመጨረሻ ማሽኑ። ቁመቱ ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ ይበልጣል፤ ሌሊት ሰማያዊ መብራት ያበራል፣ ከአናቱ ጉም ይወጣል። በእሳት አይደለም የሚሠራው፤ ውስጡ ያለች ሳህን ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት እየተንቀጠቀጠች ውሃውን ትሰባብረዋለች። እስቲ አሁን ውሃውን ከየት እናምጣ? ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የተገኘው ሁሉ ይሞላል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ድረስ በስስት ነው። ከዚያች ውሃ ለማሽኑ ተቀዳ። በማግስቱ ቴሌቪዥኑ፣ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ፎቶግራፍ ሁሉ ነጭ ዱቄት ለብሶ ተገኘ። ባለቤቴ "ማነው ዱቄት የነፋው?" ብላ ተቆጣች። ነገሩ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነው፤ ማሽኑ ውሃውን ከነማዕድኑ አየር ላይ ይበትነዋል፣ ውሃው ይተንና ማዕድኑ ዕቃ ላይ ይቀራል። ልጅቷ መፍትሔ አገኘች፦ የታሸገ ውሃ። ቅጠሏ ሃይላንድ ልትጠጣ! እኔ ከበርሜል እየጠለቅሁ ልጠጣ፣ እሷ ከሱቅ ሊገዛላት! ደግሞም እኮ የታሸገውም ማዕድን አለበት፤ ዱቄቱ አልቀረም። እዚህ ላይ ነው አልችልም ብዬ የተነሣሁት። ከደጅ አሸንዳው ሥር ያለውን ክዳን ያለውን በርሜል አሳየኋት፤ የክረምት ውሃ ነው፣ ከሰማይ የመጣ፣ ማዕድን የሌለው ለማለት ይቻላል። በጨርቅ አጥልላ ሞከረችው፤ ዱቄቱ ቆመ። ምስጋናው ግን ለማሽኑ ነው የተሰጠው።

ያም ሆኖ ጣጣው አላለቀም። የማሽኑ ሆድ ውስጥ ያደረ ውሃ ጀርም ያፈራል፣ ያንንም መልሶ አየር ላይ ይረጨዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ማን ያጥበው? ገዢዋ ጠዋት ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ አጣቢዋ ባለቤቴ ናት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል፤ ከዚያ ልጅቷ ከሥራ ቦታዋ ስልክ ትደውላለች፦ "አባባ፣ እባክዎ ቅጠሏ ላይ ትንሽ ውሃ ይርጩልኝ?" ስንት ጫኝና አውራጅ ያዘዝኩ ሰው፣ ዛሬ ለቅጠል ውሃ ረጪ ሆኜ ቀረሁ።

ትልቁ ጠብ ግን የመጣው በበርበሬው ነው። ባለቤቴ የዓመቱን በርበሬ አስፈጭታ፣ ድልሁን ለይታ፣ ደረቁን ባለ መክደኛ ዕቃ ውስጥ ሞልታ ቁም ሣጥኑ ላይ ታስቀምጣለች። ቁም ሣጥኑ ደግሞ ከማሽኑ ራስጌ ነው። አንድ ቀን መክደኛውን ስትከፍተው በርበሬው ጓል ሠርቶ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም፤ ይህን ጽሑፍ ልጆችም ያነቡታል። በአጭሩ፣ በርበሬ ደረቅ ይወዳል፣ ካላቲያ እርጥብ ትወዳለች፣ ቤቱ አንድ ክፍል ተኩል ነው። አንዱ መውጣት ነበረበት፤ ባለቤቴን የሚያውቅ ሰው በርበሬው እንደማይወጣ ያውቃል።

በዚሁ መሐል ኅዳር 12 መጣ። ኅዳር ሲታጠን እኮ ለጨዋታ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማችንን የፈጀበት መታሰቢያ ነው፤ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። እኛም እንደ ወጉ ደጃችንን ጠርገን አጨስን። ልጅቷ ግን መስኮቱን ዘግታ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፋ "ጭሱ ቅጠሏን ይጎዳታል" ብላ እኔን ከጭሱ ጋር ውጭ ዘጋችብኝ። ከበሽታ የሚጠብቀኝን ጭስ ጠጥቼ ገባሁ፤ ካላቲያ ግን ሳትታጠን ዓመቱን ጀመረች።

አንድ ነገር ግን ያስደሰተኝ የገና ዕለት የሆነው ነው። ወለሉ ላይ ትኩስ ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ዶሮው ከጠዋት ጀምሮ ይንተከተካል፣ ጀበናው ይፈላል፣ ዘመድ አዝማድ ክፍሉን ሞልቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል። ማሽኑን ባለቤቴ ነቅላ አልጋ ሥር ከትታዋለች። ዓይኔን ወደ መለኪያው ባነሣ ከ60 ወዲያ ዘሏል! ታዲያስ። ቄጤማው ይተናል፣ ድስቱ ይተናል፣ ሰው ሲተነፍስ ውሃ ያወጣል። ለዚች ተክል የሚያስፈልጋት እንግዳ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። "በሉ እንግዲህ ለካላቲያ ጤና ስትሉ በየሳምንቱ ዶሮ ይሠራ" ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የዶሮን ዋጋ አንሥተው አፌን አስያዙኝ።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ የብራዚሏን ቅጠል ለማኖር መከራችንን ስናይ፣ ዓለም የእኛን ተክል በሳሎኑ ያኖራል። ቡና እኮ ነው የምላችሁ። ቡና የጥላ ዛፍ ልጅ ነው፤ ዛሬም በካፋና በያዩ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ዩኔስኮ ሁለቱንም ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ግን ቡና በትንንሽ ማሰሮ ተተክሎ ለሳሎን ጌጥ ይሸጣል። ነገሩ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1714 የአምስተርዳም ሹም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቡና ተክል በስጦታ ላከላቸው፣ ንጉሡም ፓሪስ በሚገኘው የአትክልት ቦታቸው በብርድ መከላከያ ቤት አኖሩት። ከዚያ የተገኘውን ችግኝ ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ወደ ማርቲኒክ ወሰደው። መርከቡ ላይ ውሃ ሲያልቅ ለራሱ ከተሰፈረለት የመጠጥ ውሃ እየቀነሰ ችግኙን እንዳጠጣ ራሱ በኋላ ጽፏል። የልጅ ልጄ ይህን ካነበበች ወዲህ "አዩ አባባ፣ ለቡና የተደረገ ለካላቲያ ቢደረግ ምን አለበት?" ትለኛለች። ልዩነቱን ነገርኳት፦ እሱ የጠጣውን የሰው ውሃ በመጨረሻ በሲኒ መልሷል፤ የአንቺዋ ምን ትመልሳለች?

እንሰትስ? እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ፣ ሊስትሮ ሆኜ ነው ወደ መርካቶ የመጣሁት፤ ያን ጊዜ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ከተነሣ ብዙ አልቆየም ነበር። ጣሊያን ነው ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደዚህ ያመጣው። እናቴ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል አልብሳ ጉድጓድ ውስጥ ታኖረው ነበር፤ በስንት ፀሐይ የማይደርቅ፣ በስንት ዝናብ የማይበሰብስ። ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት ይኖራል ይባላል። ይኸው እንሰት፣ ቅጠሉ ቀላ ያለው ዓይነቱ፣ እንግሊዝ አገር የሀብታም አትክልት ቦታ ጌጥ ነው፤ በጋ ይወጣል፣ ክረምት ከበረዶ ተሸሽጎ ይገባል። ለእኛ ልጆች ግን ቅጠሉ ብርቅ አይደለም፣ ዋጋ ስላልተለጠፈበት።

አሁን ወደ መፍትሔው፤ የእኔን መፍትሔ ማለቴ ነው። ናታኒኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር። የለንደን አየር በከሰል ጭስ ጠቁሮ ተክል ሁሉ ይሞትበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 አካባቢ የእሳት እራት ሙሽሬ ከእርጥብ አፈር ጋር ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ከደነ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲያይ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቅሎ አገኘ፣ ማንም ሳያጠጣው። ለምን ቢሉ፣ የተነነው ውሃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ተክሎች በመስታወት ሣጥን ታሽገው ባሕር ያቋርጡ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ከለንደን የተላኩ ፈርኖች ሲድኒ ድረስ በሕይወት ደረሱ። ያ የደ ክሊዩ ቡናም ቢሆን በመስታወት በተከለለ ሣጥን ነበር የተጓዘው።

እኔ ይህን ስሰማ ወዲያው የታየኝ የቦምቦሊኖ ሣጥን ነው። ያ በየሻይ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው፣ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ የሚደረደርበት የመስታወት ሣጥን። ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ የማይገኝ ነገር የለም። አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ መንሸራተቻው የሚሠራ ሣጥን መረጥኩ፤ ሻጩ "ጋሼ፣ ሻይ ቤት ሊከፍቱ ነው?" አለኝ፣ "የቅጠል ቤት" አልኩት፤ ያልገባው ሰው ዋጋ ይቀንሳል። ቤት አምጥቼ በአመድ አጠብኩት፣ ስንጥቁን በፕላስተር ዘጋሁት። ካላቲያ ከነማሰሮዋ ገባች። መለኪያውን አብረን ከተትነው፤ ውስጡ ሳይውል ሳያድር 70ን አለፈ፣ ውጭ ያለው አየር የፈለገውን ይሁን። ጠዋት ጠዋት መንሸራተቻውን ለጥቂት ጊዜ እከፍተዋለሁ፤ ታፍኖ እንዳይሻግት ነው። ቀጥታ ፀሐይ ካለበትም አርቄዋለሁ፤ የተዘጋ መስታወት በፀሐይ ቅጠሏን ይቀቅላታል። አዲስ የወጡት ቅጠሎች እስካሁን ዳራቸው ንጹሕ ነው። ውሃም ቢሆን ከበፊቱ በጣም ቀንሷል፤ ራሷ የተነፈሰችውን ራሷ ትጠጣለች። በርበሬው ቁም ሣጥኑ ላይ ተመለሰ፣ ትሪው ማጀት ገባ፣ ወንበሬም ወደ ጥጓ ተመለሰች፤ ጤና አዳሙና በሶብላው ከነጣሳቸው ወደ ደጃቸው ወጡ።

አሁን የቀረኝ ችግር የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በመስኮት አሻግረው ሣጥኑን ያዩና በር ያንኳኳሉ፦ "ጋሼ፣ ቦምቦሊኖ ስንት ስንት ነው?" አንዱማ ብሩን ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠው። የልጅ ልጄ ደግሞ "ሣጥኑ ቤቱን ሻይ ቤት አስመሰለው" ትላለች። ቤቱ ቀደም ሲል መታጠቢያ ቤት መስሎ ነበር፤ ሻይ ቤት ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ ማሽኑ እነሆ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ሰማያዊ መብራቱም ይሠራል፤ ውሃ ረጭቼ ሚዛን አላበዛሁበትም። ሰፊ ቤት ያለው፣ ቧንቧው የማይቋረጥ፣ ከቅጠሉ ሌላ የሚሻግት ነገር የሌለው ሰው ከመጣ በተመጣጣኝ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ቤቱ በርበሬ ላስቀመጠ ሰው ግን በምንም ዋጋ አልሸጥም።